ገጠር ኖርዌይ ሦስት ዓመት ኖሮ ቡና ጠጡ ያልተባለ እኔ ብቻ ነኝ?

ይህን ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሱ 40 ካለፈ በኋላ አዲስ የሚገባው ሰው ሁሉ ከላይ የተመለሰውን መልሶ እየጠየቀ ስላስቸገረ፣ አስተባባሪው ጀማሪው አንተ ነህና አንተው ሰብሰብ አድርገህ አስቀምጠው አለኝ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም፤ በገባኝ መጠን በራሴ አፍ አወራዋለሁ። አዛባብኝ የሚል ቁጥሩን ጠርቶ ያርመኝ።

መነሻው ጽሑፌ ይህ ነበር፦

ወገኖቼ፣ እንደምን ከረማችሁ። የምንኖረው ሰሜን ኖርዌይ፣ ኑርላንድ ውስጥ፣ ከባሕሩ አፍንጫ ሥር ባለች መንደር ነው። ስሟን አልጠራም፤ ያለነው ሐበሾች እኛ ብቻ ስለሆንን የእሷን ስም መጥራት የእኔን ስም መጥራት ነው። ሕዝቡ ተቆጥሮ ሁለት ሺህ አይሞላም። አንድ ሱቅ፣ አንድ ማደያ፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ የዓሣ ፋብሪካ፤ አለቀ። ከስደተኞች ካምፕ ወጥተን ኮሙዩኑ (የአካባቢው ማዘጋጃ ቤት) ሲቀበለን ቁልፉ፣ አልጋው፣ የልጆቹ የበረዶ ጫማ ሳይቀር ተዘጋጅቶ ነበር። በዚህ ብማረር ፈጣሪ ይታዘበኛል። የጠፋው ሰው ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በራችንን ያንኳኳ የለም፤ ቡና ጠጡ ያለን የለም። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ሆኖ ሰው ቆሞ ይሄዳል። አንዴ ብቻ፣ በመጣን በመጀመሪያው ዓመት፣ በሁዳዴ መሐል፣ ጠዋት በሩን ስንከፍት እጀታው ላይ ፌስታል ተንጠልጥሎ አገኘን። ውስጡ ጭንቅላቱ የተቆረጠ ትልቅ ዓሣ፤ ደሙ በፌስታሉ ጥግ ተጠራቅሟል። ወረቀት የለው፣ ስም የለው። ባለቤቴ አማተበች። ደም ያለበት ነገር ሰው በር ላይ ማንጠልጠል አገራችን ምን ማለት እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኔም ሂዱልን ማለታቸው ነው ብዬ በጓንት ይዤ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጣልኩት። አሁን ኢንትሮ ፕሮግራሙን፣ ማለትም ለአዲስ ስደተኛ ክፍያ እየተሰጠ የሚሰጠውን የቋንቋና የሥራ ሥልጠና፣ ጨርሰናል፤ እኔም ማታ ማታ ትምህርት ቤት አጸዳለሁ። ባለቤቴ ኦስሎ እንግባ ብላ ሰቅዛ ይዛኛለች። ጥፋቱ የኛ ነው የነሱ? እንቆይ ወይስ እንሂድ?

መልስ 1 የመጣው ከኦስሎ ነው፤ ትሕትናው የሚያስቀና ሰው። ኑ ብሎ ጀመረ፤ ቅዳሴው፣ ማኅበሩ፣ ለቅሶው፣ እንጀራው ሁሉ እዚህ ነው አለ። ወረድ ብሎ ግን ለአንድ መኝታ ቤት የሚከፍለው ኪራይ ከደመወዙ ምን እንደሚያስቀርለት ጻፈና፣ በአንድ ደረጃ የሚወጡ የሚወርዱ ጎረቤቶቹን በስድስት ዓመት ውስጥ የሚያውቃቸው ፖስታ ሳጥናቸው ላይ በተጻፈው ስም ብቻ መሆኑን ጨመረ። መልስ 2 ከትሮንድሃይም የሆነች እህት ናት፤ አገሩ ነጻ ነው፣ ያሰኛችሁ ቀን ዕቃችሁን ጫኑ አለች። ይህቺን ያዙልኝ፤ ቁጥር 6 ላይ ትታረማለች።

መልስ 3 ጉድብራንድስዳል ውስጥ አውቶቡስ የሚነዳ ሰው ነው። የወንበሩን ነገር በመስታወት በየቀኑ ስለሚያይ ሊያስረዳኝ ሞከረ። አብረው አንድ ክፍል የተማሩ ሁለት ኖርዌያዊ ይገባሉ፤ እያንዳንዱ ባለ ሁለት ወንበሩን ለብቻው ይይዛል፤ ሦስተኛው ይቆማል። ማንም በማንም አይቀየምም። የሰውን ቦታ ማክበር ነው እንጂ መጠየፍ አይደለም፤ ቆዳህ ላይ አትለጥፈው አለኝ። ሰላም እንዲሉህ ከፈለግህ ተራራ ላይ አግኛቸው ብሎም አከለ። እሑድ ሄድኩ። በሁለት ሰዓት መንገድ 11 ሰው ሰላም አለኝ፤ ከነሱ አንዷ ሱቃችን ገንዘብ የምትቀበለውና ዓይኗን አንሥታ አይታኝ የማታውቀው ሴት ነበረች። ከአየሩ ጀምራ እስከ ጫማዬ አወራችኝ። ወርደን መኪና ማቆሚያው ስንደርስ እንደገና ዝም። ሰውየው ልክ ነው።

መልስ 4 ከአሜሪካ ተወረወረ። ቤት ተሰጥቶህ፣ ደመወዝ ተቆርጦልህ ሲያበቃ ስለ ቡና ታለቅሳለህ፤ አረብ አገር ያሉ እህቶቻችንን አስብ የሚል ነው፤ ከዚህም የከረረ ቃል ነበረው። መልስ 5 የሰጠችው ቤይሩት ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ዛሬ ደቡብ ኖርዌይ እርሻ መንደር የምትኖር ሴት ናት። በኛ ስም ሰው አትምታ አለችው። የተዘጋ በር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የሌላውን ብቸኝነት አይለካም ብላ፣ አንዴ ከጻፈች በኋላ ወደ ክሩ አልተመለሰችም። ባለ 4ም አልመለሰም።

ቁጥር 6 የደረቀ ግን የሚጠቅም ነው። ቁጥር 2ን እያረመ፣ ፕሮግራሙ ላይ ያለ ሰው ተቀባዩ ኮሙዩን ሳይስማማ በራሱ ፈቃድ ከለቀቀ ኢንትሮውንም ክፍያውንም ያጣል አለ። እኛ ስለጨረስን አይነካንም። ግን ለቋሚ መኖሪያ ስናመለክት የ12 ወር የራሳችን ገቢ ስለሚጠየቅ፣ ሥራ ሳይያዝ ኦስሎ መግባት ሰዓቱን ወደ ኋላ መመለስ ነው። ጀማሪ የሆናችሁ ይህን ቁጥር ሁለት ጊዜ አንብቡት።

አሁን ቁጥር 7። ሎፎተን ደሴቶች ላይ የዓሣ ማድረቂያ የምትሠራ እህት ናት። መጀመሪያ እንባዋ እስኪመጣ ስቃ፣ ቀጥሎ እንደ ታናሽ ወንድሟ ተቆጣችኝ። ያ ዓሣ ኮክፌስክ ይባላል፤ አንድ ቤተሰብ አንድ ጊዜ ቀቅሎ የሚበላው ማለት ነው። ከጥር እስከ ሚያዝያ ድረስ ስክራይ የሚሉት ዓሣ ከባረንትስ ባሕር እንቁላሉን ሊጥል ወደ ሎፎተን ይወርዳል። ዓሣ አጥማጁ ከጀልባው ሲወጣ ለራሱ አንድ፣ ለእናቱ አንድ፣ ለጎረቤት አንድ ይለያል። አያንኳኳም። ማንኳኳት አመስግኑኝ እንደ ማለት ነው። እጀታ ላይ ሰቅሎ ይሄዳል። ጭንቅላቱ የተቆረጠው፣ ሆዱ የተጠረገው፣ ወደ ድስት እንዲገባ ተብሎ ነው፤ ለማስፈራራት የፈለገ ሰው ሆድ ዕቃ አጥቦ አያስፈራራም አለች። የመጨረሻው ነገሯ ግን አጥንቴ ውስጥ ገባ። የዓሣው ትልቅነት በአጋጣሚ አይደለም፤ እዚያ ቤት ስንት ነፍስ አለ ብሎ ጠይቆ ነው የመረጠው። እኛ አምስት ነን። ዓሣው እንደ ክንዴ ይረዝም ነበር።

ይህን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ዝም አለች። ቆይታ፣ ስትጥለው ሰው አይቶህ ነበር? አለችኝ። ገንዳው የጋራ ነው፤ በአምስት ቤቶች መስኮት ፊት ለፊት።

መልስ 8 ከሌላ የሰሜን መንደር ሆና ቁጥር 7ን አጽድቃ፣ የልጇን ነገር አመጣች። 12 ዓመቱ ነው። እዚያ አገር የዓሣ ምላስ መቁረጥ የልጆች ሥራ ነው፤ አዋቂ ብዙም አይነካውም። ከትምህርት በኋላ የፕላስቲክ ሽርጡን አጥልቆ ፋብሪካው ጓሮ ይቆማል። ከእንጨቱ ላይ የቆመች ሹል ብረት አለች፤ የዓሣውን ጭንቅላት አገጩ ሥር ይሰካባታል፣ በአንድ ምት ምላሱን ያነሣል፣ ጭንቅላቱን ይወረውራል። ምላሱ በኪሎ ይሸጣል፤ ጭንቅላቱ ደርቆ ናይጄሪያ ይሄዳል። ባንድ ክረምት እሷ በሁለት ወር ያላገኘችውን አጠራቀመ። እሷን ያስደነቃት ግን ገንዘቡ አይደለም። ከእነዚያ ልጆች ጋር እየቆመ ቋንቋቸው አፉ ላይ ተጣበቀ፤ አሁን የሚደውሉላት ሰዎች ስልኩን እሱ ሲያነሣ የመንደሩ ልጅ ይመስላቸዋል። እኔ ደግሞ ልጄን ብርድ ይመታዋል ብዬ ከቤት አላወጣውም ነበር።

ከዚያ ክሩ ወደ ቋንቋ ዞረ፤ ከ9 እስከ 14 ያሉት ሁሉ እዚህ ላይ ተንጫጩ። የክፍሉ መጽሐፍ እኔ ለማለት ያይ ብሎ ያስተምርሃል፤ ሱቅ ስትገባ ኣ ይሉሃል። ሁለት ዓመት የተማርኩት ቋንቋ ሌላ ነው እንዴ ያላለ ሰው የለም። ከምዕራብ የጻፈ አንዱ ሁለት የጽሕፈት ቋንቋ እንዳላቸውና የሱ ኮሙዩን ጥቂት ሰው ብቻ የሚጽፍበትን ኒኖሽክ እንደሚጠቀም፣ ልጆቹ በዚያ እያነበቡ እሱ በሌላው እየተማረ ቤታቸው ውስጥ የቤት ሥራ ማሳየት ጦርነት እንደሆነ አወራ። ደስ ያለኝ ግን 11 ነው። አንዲት ልጅ መጀመሪያ የመጣች ሰሞን ሐኪም ቤት ተቀምጣ፣ አንዲት ባልቴት ስልክ ስታወራ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ እያደረገች አዎ ስትል ሰማች። ልክ የኛ እናቶች በወሬ መሐል እንደሚያደርጉት። ዞራ ሐበሻ ፈለገች። የለም። የሰሜን ሰዎች አዎን የሚሉት እንደዚያ ነው፤ ትንፋሽ ወደ ውስጥ። ከዚያ ቀን ጀምራ ሰው ሲያወራት በአገሯ ልማድ ትንፋሿን ትስባለች፤ ሰዎቹም ቋንቋው እንዴት ገባት ይላሉ።

15 ላይ የዱግናድ ነገር ተነሣ። ደቦ ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም አያስፈልገውም። ፀደይ ሲመጣ መንደሩ ተጠራርቶ የትምህርት ቤቱን ጓሮ ይጠርጋል፣ የኳስ ሜዳውን አጥር ይቀባል፣ ከዚያ ዋፍል ይበላል። ቃሉን እጅግ ስለሚወዱት እ.ኤ.አ. በ2004 የአገሪቱ ቃል ብለው መርጠውታል። ጸሐፊው ያሰመረበት፣ የቀረ ሰው እንደማይከሰስ ግን እንደሚታወስ ነው። እኛ ቤት የመጣውን ወረቀት ባለፈው ዓመት ማስታወቂያ መስሎኝ ጥዬዋለሁ። ገንዳው ብዙ ነገሬን ያውቃል።

16 ለብቻው መጽሐፍ ይወጣዋል። ልጁ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ለመንደሩ ሴቶች ቡድን ኳስ ትጫወታለች። አንድ መስከረም ወላጆች ተሰብስበው አሠልጣኙ ለእያንዳንዳቸው አሥር ትልልቅ እሽግ የሽንት ቤት ወረቀት አደላቸው። ንግግሩ ስላልገባው ስጦታ መስሎት፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ አመስግኖ ተቀበለ። ሌሎቹ ወላጆች ተያዩ። ከወር በኋላ ስልኩ ላይ የክፍያ ጥያቄ መጣ። ለካ ወረቀቱ እየዞሩ ተሽጦ ለቡድኑ ማልያና ጉዞ የሚሆን ነው። አፍሮ ሁሉንም ከኪሱ ከፈለ፤ ያን ክረምት መታጠቢያ ቤታቸው መግቢያ አልነበረውም። በዓመቱ እንደገና ሲመጣ ልጅቷ እጁን ጎትታ አወጣችው። ጨለማ ነው፣ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሰዋል። የመጀመሪያው በር ሲከፈት አንድ ሽማግሌ ብርድ ነው ግቡ ብሎ፣ አስቀምጦ፣ ሁለት እሽግ ገዛ። የሁለተኛዋ ቤት ሴት ኮሪደሯ ውስጥ ራሷ ያልሸጠችው አሥር እሽግ ተደርድሮ ነበርና ተያይተው እስኪደክማቸው ሳቁ። ከዚያ ምሽት ጀምሮ በስም ነው የሚጠሩት። የሱ ግኝት፣ ማንም የማያንኳኳበት አገር ውስጥ ለማንኳኳት የተፈቀደው ምክንያት የቡድን ወረቀትና የሎተሪ ቲኬት ነው የሚል ነው።

ሁለት ቁጥሮች ሳቅ ብቻ ናቸው፤ እዘላቸዋለሁ።

19ኛውን የጻፉት በደርግ ጊዜ የመጡ አባት ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እያልን ነው ስንጠይቃቸው የቆየነው። ሩጋላንድ ውስጥ ባሕር ዳርቻ ካለች መንደር ገብተው በሁለተኛው ሳምንት፣ ሱቅ በር ላይ አንዲት ነጭ ባልቴት በሲዳማ ቅላጼ አማርኛ ሰላም አለቻቸው። እግራቸው ከዳቸው። የኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮን እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ደቡብ ኢትዮጵያ ስለሠራ፣ በምዕራቡ የባሕር ዳርቻ መንደሮች ይርጋዓለም ሆስፒታል ነርስ የነበረች፣ ጊዶሌ ልጅነቷን ያሳለፈች ሰው ማግኘት ተአምር አይደለም። ሴትዮዋ ቤታቸው ወሰዷቸው፤ ጀበና ነበር፣ ጨውም በትንሽ ሳሕን ቀርቧል። ደግነታቸው ወደ ጸሎት ቤታቸው ከመጋበዝ ጋር እንደመጣ ጋሼ አልደበቁም፤ ሄጄ ቡናቸውን ጠጥቼ ኦርቶዶክስ ሆኜ ተመለስኩ አሉ። አሁንም አሉ ወይ ብሎ ሰው ሲጠይቃቸው፣ አብዛኞቹ እንዳለፉና የሴትዮዋን ሬሳ ሣጥን ከተሸከሙት ስድስት ሰዎች አንዱ እሳቸው እንደነበሩ መለሱ።

ከ20 እስከ 28 ያለውን በአጭሩ ልለፈው። አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ዩክሬናውያን ሲመጡ ለኛ በሩን ዘግቶ የነበረው መንደር ሁሉ ሶፋና መኪና ይዞ ወጣ አለ። ሌላው ጦርነቱ ቅርባቸው ስለሆነ ነው ብሎ ተከራከረ። ከአስመራ የተወለደ አማርኛው ከኔ የተሻለ ወንድም ሁለቱንም ሊያስታርቅ ገባና ከሁለቱም ተሰደበ። 27 እና 28 ተሰርዘዋል፤ ምን እንደነበር አይቻለሁ፣ አልጽፈውም። በኔ ግምት የመጀመሪያው ሰው ያየውን ነው የተናገረው፤ የተሳሳተው የሱ መንደር ብቻ ከሆነው ነገር የአገሩን ሁሉ ፍርድ መስጠቱ ላይ ነው። እኔ ራሴ በመነሻ ጽሑፌ ያንኑ አድርጌ የለ!

29 የተናገረችኝን እስካሁን አልረሳሁትም። ለስለስ ያለ ነገር የላትም። አንተ ማንን ጋብዘህ ታውቃለህ? ነው ጥያቄዋ። ጀበና አለህ፣ ዕጣን አለህ፣ ፈንድሻ አለህ፤ ሦስት ዓመት የሰው ቡና ስትጠብቅ ያንተን ለማን አፈላህ? 30 የኔ መልስ ነው፤ ተናድጄ ነበር። እኛ አገር ለመንደሩ አዲስ የሆነን ሰው ነባሩ ነው እንኳን ደኅና መጣህ የሚለው፤ ጎረቤት እንጀራ ይዞ ይመጣል፣ ውኃው የት እንደሚቀዳ ያሳያል፤ እንግዳ ነባሩን አይጋብዝም አልኩ። አሁንም ከዚህ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ አልወጣሁም። 31 ላይ ተመልሳ፣ እሱን እነሱም በዓሣ አድርገውታል አንተ ጣልከው እንጂ፣ ብላ አፌን ዘጋችው። ከዚያ ትንሽ ራራችና አካሄዱን አስረዳች። ድንገት ቤት መግባት የለም። ቀኑን፣ የሚጀመርበትን ሰዓት፣ የሚያልቅበትንም ሰዓት በመልእክት ትጽፋለህ። የሚያልቅበትን ካልጻፍክ ይጨነቃሉ። ሦስተኛው ስኒ ሳይደርስ ከተነሡ ደግሞ አትቀየም፤ አቦል ቶና በረካ የሚባል ነገር መኖሩን ማን ነገራቸው?

32 ላይ አንዱ ስለ መኪና ጎማ ጠየቀ። ለምን እዚህ እንደጠየቀ አይታወቅም፤ መልስ ግን አግኝቷል።

33 በኔ ስም ነው የተጻፈው፤ ጸሐፊው ግን እኔ አይደለሁም። ማታ ሥራ ላይ ሳለሁ ታብሌቱ ክፍት ነበር። ባለቤቴ ከላይ ጀምራ አንብባ፣ ቁጭ ብላ ጻፈችበት። እኔም እንደናንተው ከስልኬ ላይ፣ የትምህርት ቤቱ ኮሪደር ውስጥ መወልወያውን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ነው ያነበብኩት።

አንደኛ፣ ኦስሎ እንግባ ብላ እንደማታውቅ ጻፈች። ኦስሎ የሚለው እሱ ነው፤ ስሜን የጨመረው ክርክሩ እንዲከብድለት ነው አለች። ልክ ናት። ሁለተኛ፣ ባለፈው መስከረም አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ገጽ ላይ ታኬ አየች። ታኬ እነሱ ሌፍሳ የሚሉትን ስስ ቂጣ የሚጋግሩበት ሰፊ፣ ክብ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ሻጯ ከኛ ሁለት መንገድ ከፍ ብለው የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ምን ልትጋግሪበት ነው ብለው ጠየቋት፤ በስልኳ እንጀራ አሳየቻቸው። ሌፍሳ ነው እንዴ፣ ዓይኑ ምነው በዛ አሉ። አስገብተው የዱቄቱን ውፍረት በጣታቸው ለኩ፣ ምጣዱን አግለው እንዴት እንደሚሞከር አሳዩዋት፣ ቡና ቀዱ። ከዚያ ወዲህ በየሐሙሱ ትሄዳለች። እሳቸው በረጅም ጠፍጣፋ እንጨት ሌፍሳ ማገላበጥ አስተማሯት፤ እሷ ደግሞ እንጀራው እንደማይገለበጥ ልታሳምናቸው ሦስት ሐሙስ ፈጀባት። ለኔ ያልነገረችኝ፣ እሑድ እሑድ ሰዎቹን ሳማ ስለምትሰማኝ፣ ይህን ብነግረው አንቺንም አንድ ነገር ፈልገውብሽ ነው ይለኛል ብላ ፈርታ ነው። ምጣዱን ከየት አመጣሽው ብዬም አልጠየቅኳትም፤ እንጀራው ሲሻሻል ብቻ ነው ያመሰገንኩት።

ሦስተኛ፣ ቁጥር 7ን ባነበብኩላት ማግሥት ሐሙስ ነበር። ሴትዮዋን ስለ ዓሣው ጠየቀቻቸው። የሰቀለው ወንድማቸው ነው፤ ጀልባ ያለው፣ ከሰው ጋር ማውራት የማይሆንለት ሽማግሌ። በሚቀጥለው ዓመት ለምን እንዳላመጣ ሲጠየቅ፣ ዓሣ አይበሉ ይሆናል፣ ሃይማኖታቸውም ሊሆን ይችላል ብሎ ትቶታል። ገንዳውን አይቶ እንደሆነ ባለቤቴ አልጠየቀችም፤ እሳቸውም አላነሡም።

ኮሪደሩ ውስጥ ብዙ ቆሜ መሆን አለበት፤ መብራቱ ሰው ሲንቀሳቀስ የሚበራ ስለሆነ ጠፋብኝ።

ከዚህ በኋላ ክሩ የኔ መሆኑ ቀረ። 34 ላይ አንዱ፣ ሰውየው ሃይማኖታቸው ይሆናል ማለቱ ስሕተት አይደለም፤ በሁዳዴ ዓሣ ይበላል እንዴ? አለ። እሳት ተለኮሰ። አንዱ ዓሣ የተከለከለበትን አሳዩኝ አለ፤ ሌላዋ እናቷ በሁዳዴ ዓሣ አሽትታ እንደማታውቅ ጻፈች፤ ዲያቆን ነኝ ያለ ሰው በመጻሕፍቱ ላይ ያለውንና በየአገሩ የሚደረገውን ለይቶ ለማስረዳት ሦስት አንቀጽ ጻፈና ሁለቱም ወገን አልሰማውም። 37 ከትሮምሶ የጻፈ ሙስሊም ወንድማችን ነው፤ እናንተ የምትጣሉት በምን እንደምትጾሙ ነው፣ እኔ የመጣሁት እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፣ ረመዳን በሰኔ ወደቀና ፀሐይዋ አልጠልቅ አለችኝ ብሎ ሁሉንም አሳቀ። ጎረቤቱ ኖርዌያዊ መስኮቱን እያየ ታድያ መቼ ልትበላ ነው እያለ ይጨነቅለት ነበር። እዚያ ያሉ ወንድሞች በመካ ሰዓት እንደሚያፈጥሩ ነግረውት ነው ወሩን የጨረሰው። ጎረቤትየው ሰዓቱን ከሱ ተቀብሎ በስልኩ ይደውል ነበርና፣ እስከዛሬ ጓደኛው እሱ ብቻ ነው።

40 የዓሣውን ክርክር ሊመልሰው ሞከረ፤ አስተባባሪው ለሱ ሌላ ክር ክፈቱ ብሎ አስቆመው። የሁዳዴው ክር ተከፍቷል፤ አሁን ከዚህኛው ይረዝማል።

41 አዲስ ሰው ናት፤ ስዊድን ድንበር አጠገብ ካለ ኮሙዩን። ሁሉን ትታ ታኬው ስፋቱ ስንት ነው፣ እንጀራው አይጣበቅም ወይ፣ ስንት ተገዛ ብላ ጠየቀች። ልመልስ ስል ተቀደምኩ። ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ መጀመሪያ በጎመን ዘር አሟሽተሽ አሰሺው፣ 800 ክሮነር ተባልኩ ግን በመጨረሻ በድፎ ዳቦ ተለዋወጥን ይላል 42። የጻፈችው ባለቤቴ ናት፤ በራሷ ስም በከፈተችው አካውንት።